ሦስተኛዋ ችግኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጥዋት 2፡15

ቦቲ በረኪና ውስጥ። ገጀራ በረኪና ውስጥ። እጅ በሳሙና። የበሩ ጥበቃ ጋሽ ኑሩ መዝገቡን ዘርግቶ ይጠብቀኛል፣ ፈርሜ ወደ ሙከራ ማሳው እገባለሁ። በየቀኑ ያው ነው፣ ማስታወሻዬ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ አልገባም።

አጠውልግ የሚባለውን የእንሰት በሽታ በመርፌ ከወጋናቸው ስድስት ሳምንት ሆነ። ተራዎቹ እንሰቶች የመሐል ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ተሰብሯል። አጠገባቸው የኛዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ልዩነቱ ከቃሪያ ተወስዶ የተጨመረላቸው አንድ ዘረመል ብቻ። የምርምሩ ኃላፊ ዶ/ር መስፍን በመሐላቸው ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል፤ የታመመ ሰው የሚጠይቅ ይመስላል። የዕድሜውን ግማሽ ሰጥቷቸዋል።

ደንቡ አንድ ነው፦ ከአጥሩ ቅጠል እንኳ አይወጣም። ፈቃዱ ለሙከራ ብቻ ነው። ሰው አልቀመሰውም፣ ከብት አልቀመሰውም። ሙከራው ሲያልቅ ሁሉም ተቆፍሮ ይቃጠላል።

የሃያ ተክል ቁመት ለካሁ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ከሥራ መልስ

እማዬ ደወለች። ስለ ዝናቡ አወራች። ስለ መዘምራኑ ጠብ አወራች። የጎረቤት ላም መንታ ወልዳለች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ ነገሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ከጓሮ አንዱ እንሰት አንገቱን ደፋ አለች።

የቱ ቅጠሉ? የመሐሉ።

ስንት ናቸው? መጥተሽ እዪው አለችኝ።

እራት አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ጌጫ፣ እናቴ ቤት

ከሚዛን ቴፒ፣ ከቴፒ ጌጫ፣ ከዚያ በእግር። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት።

ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ጓሮ ገባን። እማዬ አንዱን የቅጠል አንጓ በቢላዋ ቆረጠችው። ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። ይህን ፈሳሽ አውቀዋለሁ። በብልቃጥ አሳድጌዋለሁ። ለስድስት ሳምንት ስጽፈው የነበረው አጠውልግ እናቴ ጓሮ ቆሞ አየሁት።

ቢላዋውን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ ወደ ጤነኛው ዞረች። ጮህኩባት። በእናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

የራሷ ቢላዋ አይደለም፣ የእትዬ ዘነበች ነው። እትዬ ዘነበች የአጥር ጎረቤታችን ናት። የሷ ጓሮ ከመስቀል በፊት አልቋል። አፍራ ለማንም አልተናገረችም። ቢላዋዋ ግን በሽታውን ይዞ በየቤቱ ሲዞር ከርሟል።

ከእማዬ እንሰት ከግማሽ በላዩ ሄዷል። አምስትና ስድስት ዓመት የተጠበቀ። የታመመውን ነቅለሽ ቅበሪ፣ ቦታው ላይ እንሰት እንዳትመልሺ፣ ጎደሬ ትከዪ አልኳት። የምክር ወረቀታችን የሚለውን ቃል በቃል። ሳቀች። ሳቋ ደስ አይልም። ጎደሬ ስንት ወር ያበላኛል አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። መኪና ውስጥ፣ ቴፒ መነኻሪያ

ሰው እስኪሞላ እየጠበቅን ነው። ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም።

የማይታመመውን እንሰት በየጠዋቱ በሜትር እየለካሁ እናቴን ጎደሬ ትከዪ እላለሁ። ከሷ ጓሮ እስከዚያ አጥር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በወረቀት ግን ስንት ዓመት?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዶ/ር መስፍንን ጠየቅሁት። ስለ እማዬ አልነገርኩትም፣ በዘወርዋራ ነው የገባሁበት። መቼ ነው ገበሬ እጅ የሚገባው? እንደማያውቅ ነገረኝ። ለመብል ደኅና መሆኑ ገና ይፈተናል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል፣ ፈቃድ ይጠየቃል። ዛሬ ጓሮው ያለቀበትስ? መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰ።

መልካም ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። ከሰዓት 11፡00

ልጽፈው ነው። ላንተ ካልጻፍኩ ለማን?

ከግሪን ሃውስ ትርፍ የሆኑ ሦስት ችግኞች እንዳቃጥል ታዘዝኩ። ሁለቱን አቃጠልኩ። ሦስተኛዋ ስንዝር ትሞላለች፣ አራት ቅጠል አላት። ከነአፈሯ በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከምሳ ዕቃው ሥር አስቀመጥኳት። መዝገቡ ላይ «3፣ ተቃጥለዋል» ብዬ ፈረምኩ። ፊርማዬ እንደ ወትሮው ነው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

በር ላይ ጋሽ ኑሩ ቦርሳ ሁሉ ይፈትሻል። የዶ/ር መስፍንንም ይፈትሻል። እኔ ጋ ሲደርስ እጁን አወዛወዘ። «አንቺን ደግሞ ምን እፈትሻለሁ፣ ትዕግሥት። ሂጂ ልጄ፣ ዝናቡ ሳይመጣ።»

ሄድኩ። አማን ከተማ እስክደርስ ወደኋላ አላየሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ጌጫ

ተተከለች። ጓሮ አይደለም፣ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ እንሰት ተተክሎበት የማያውቅ መሬት ላይ። እማዬን ከመሥሪያ ቤት ናት፣ አጠውልግ አይነካትም አልኳት። ሁለቱም እውነት ነው። ሌላ አልጠየቀችኝም፣ ሌላ አልነገርኳትም።

እማዬ ቅጠሏን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ የሕፃን ጆሮ እንደሚያዝ። እኔ ውኃ ልቅዳ ብዬ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ማንም አልጠረጠረም። ማንም አልጠየቀም። ዛሬ ሻይ ቤት ሦስት ሳምቡሳ በላሁ፣ ሳቅሁ። ሌብነት እንዲህ ቀላል ከሆነ ሁሉም ለምን አይሰርቅም?

ከሰዓት ጋሽ ኑሩ ከቤቱ ሙዝ አመጣልኝ። ከስተሻል ብሎ። ሙዙ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አልላጥኩትም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

እማዬ ደወለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼባት አላውቅም። ችግኟ አዲስ ቅጠል አውጥታለች። ጃርት እንዳይቆፍራት በቀርከሃ አጥራታለች። ስታድግ እማዬ ሥሯን ፈልጣ ልትቀብረው ነው። ከአንድ ሥር ስንት ቡቃያ እንደሚወጣ ለኔ ታስረዳኛለች። የመጀመሪያዎቹ ለእትዬ ዘነበች። ከዚያ ከወንዙ ማዶ ላሉት። ጓሯቸው ላለቀባቸው ሁሉ ተናግራለች።

ለምን ትናገሪያለሽ አልኳት።

ግራ ገባት። እንሰት ሰጥቼ የማላውቅ ይመስልሻል? ያንቺ የጡት አባት ጓሮ ከኛ አይደለም እንዴ የተተከለው?

ኔትዎርክ ተቆረጠ ብዬ ዘጋሁት። አልተቆረጠም ነበር።

ስሰርቅ ያሰብኩት አንዲት ሴት፣ አንድ ጓሮ ነበር። እናቴ ጓሮን እንደዚያ አታውቀውም። ሰባት ዓመት፣ ስምንት ዓመት፣ ከዚያ ልጆች ይበሉታል። ማንም ያልቀመሰውን። ምናልባት ምንም አይሆኑ። እኔ ራሴ ምንም አይሆኑም ብዬ አስባለሁ። ማሰብ ግን ማወቅ አይደለም፤ ደመወዜን የሚከፍሉኝ ለዚህ ልዩነት ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ጌጫ

ነገርኳት።

በቋንቋችን በሸኪኖኖ ለዘረመል ቃል የለኝም። ከቃሪያ ትንሽ ነገር ወስደው እንሰቷ ውስጥ አስገቡ፣ በሽታውን የምትመታበት አልኩ። አፍ ያቃጥላል ወይ አለችኝ። አያቃጥልም። ሳቅን፣ ሁለታችንም። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«ይበላል?»

«ገና አልተፈተነም።»

«አንቺ በልተሽዋል?»

«ማንም አልበላውም፣ እማዬ።»

«እኔ ልብላው ወይስ አልብላው? እሱን ንገሪኝ።»

«አላውቅም።»

«የማታውቂውን ነው ያመጣሽልኝ?»

እንድትቃጠል የታዘዘች እንደነበረች፣ ደብቄ እንዳወጣሁት፣ የውሸት እንደፈረምኩ፣ ሁሉን ተናገርኩ። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም። ስለ በሩ ሰውዬ ብቻ ጠየቀችኝ። ልጆች አሉት? አራት አልኳት። ተነስታ ወጣች።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ራሷ ቆፈረቻት። እኔ ልቆፍር ብል አላስጠጋችኝም። ሥር እንዳይቀር አፈሩን በጣቷ በረበረች፣ ያገኘችውን ክር የምታህል ሥር ሁሉ ለቀመች። በማዳበሪያ ከረጢት አስራ ሰጠችኝ። ለባለቤቱ መልሺ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ ቃል የገባችላቸው ሴቶች ቤት አንድ በአንድ ሄደች። ልጄ ያመጣችው ያልተፈቀደ ነው፣ አልሰጣችሁም ልትል። አትናገሪ፣ ተበላሸ በያቸው ብዬ ለመንኳት። «እኔንም እንዳንቺ ልታደርጊኝ ነው?» አለችኝ።

እስካሁን ከሰማሁት ስድብ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ስድብ እንኳ አይደለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጥዋት 5፡00

ከረጢቱን ዶ/ር መስፍን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ነገርኩት። በሩን ዘጋ። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ተቀመጠ።

ይህ ቢሰማ ምን እንደሚሆን ጠየቀኝና መልሱን ራሱ ሰጠኝ። ፈቃዱ ይሰረዛል። ያው አመለጣቸው ይባላል። ያ ሁሉ ዓመት አፈር ይበላል፤ ያንቺ እናት ብቻ ሳትሆን የሁሉም እናት ጓሮ ያልቃል። ድምፁን አልጨመረም። ከዚያ ቀስ ብሎ፦ «መዝገቡ ላይ ተቃጥሏል ብለሻል አይደል? እንግዲያው ይቃጠል።»

ምድጃው ድረስ አብረን ሄድን። ከረጢቱን ራሱ ጣለው። መዝገቡ እውነት ሆነ።

ቀለለኝ፣ ማስታወሻዬ። ለሩብ ሰዓት ያህል። አልዋሽህም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

አልቀለለኝም። እማዬ ደውላ ምን አሉሽ አለችኝ። ተቀበሉኝ አልኩ። ከዚያስ? ከዚያማ... አንዲት የሥር ቁራጭ ቀርታ ብትሆን ያንን መሬት ማን ይመለከተዋል? ቦታውን የሚያውቅ እኔና እሷ ነን።

ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሆነውን በሁለት ገጽ ጻፍኩ። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የእማዬን ቤት። ጋሽ ኑሩ ያልፈተሸኝ ስላመነኝ እንደሆነ። የዶ/ር መስፍንን ነገር አልጻፍኩም። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ አንብቦ ሲጨርስ «እኔ የለሁበትም» አለ። እንዳይኖሩበት ብዬ ነው አልኩት። በመስኮት አጥሩን አየ፣ የቆሙትን እንሰቶች። እስክሪብቶ አነሳና ከፊርማዬ በላይ በቀረችው ጠባብ ቦታ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ችግኟን ያቃጠላት እሱ መሆኑን፣ ዝም እንድል የጠየቀኝም እሱ መሆኑን ጻፈ። ፈረመ።

ስወጣ ለጋሽ ኑሩ ራሴ ነገርኩት። ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ከፈተው። ምሳ ዕቃዬን፣ ጃንጥላዬን፣ መጽሐፍ ቅዱሴን፣ አንድ በአንድ አወጣ፣ አንድ በአንድ መለሰ። ከዚያ በሩን ከፈተልኝ፣ ሳያየኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27። ጌጫ

ከሥራ ታግጃለሁ። ሙከራው ቆሟል፣ አጥሩ ታሽጓል። ሦስት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው የእማዬን ደጅ ቆፈሩ፣ ለኩ፣ ፎቶ አነሱ። ምንም ሥር አላገኙም። በየወሩ ይታያል ብለዋል። ጋሽ ኑሩ በሥራው አለ፤ ማስጠንቀቂያ ጽፈውበታል። ዶ/ር መስፍን ስልክ አያነሳም።

ሳምንቱን የታመሙትን እየነቀልን እየቀበርን ሰነበትን። በእያንዳንዱ መሐል ቢላዋውን በእሳት። እማዬ አሁን ሳልነግራት ታደርገዋለች።

ዛሬ ከሰዓት ሴቶቹ መጡ፣ እትዬ ዘነበችን ጨምሮ አምስት ናቸው። ሊወቅሱኝ መሰለኝ። እትዬ ዘነበች መቀመጫ ሳትቀበል ጠየቀችኝ፦ ያ እንሰት እውነት አይታመምም? አይታመምም አልኩ። ይፈተናል ያልሽው፣ መቼ ነው? አላውቅም፣ አሁን ቆሟል። በማን? በኔ።

ይህን ስትሰማ ትሄዳለች ብዬ ነበር። አልሄደችም።

«ሲፈቀድም ሲከለከልም መጥቶ የነገረን የለም» አለች። «አንቺ ሰርቀሽ ነው የሰማነው። አንቺን ካባረሩሽ ማን ይነግረናል?»

ሌሎቹ ሁሉ አዩኝ። እማዬም።

ሰኞ ሚዛን እጠራለሁ፣ ኮሚቴ ፊት። ይቅርታ ልጠይቅ፣ ቅጣቴን ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር። እሱን አደርጋለሁ። ግን ብቻዬን አልሄድም። እትዬ ዘነበች እንድትመጣ ጠየቅኋት። ለኔ እንድትመሰክርልኝ አይደለም። ይህን ጥያቄ በራሷ አፍ፣ እነሱ ፊት ቆማ እንድትጠይቅልኝ ነው። የመኪና መንገድ ያስታውከኛል አለች። ከዚያ በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው አለችኝ።

ከሌሊቱ በአሥራ አንድ አልኳት።