የአሥር ሰዓቷ ሻማ

እታለሜ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢው። መጀመሪያ ወንበር ሳቢ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገብሽ አኑሪ፣ ልብሽንም ያዝ አድርጊው። ቤታችን ላይ ከባድ ነገር ደርሷል። በሰው የመጣ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ተልኮ ቀስ ተብሎ ይነገርሽ ነበር፤ በሻማ ስለመጣ ግን እኔ ነጋሪ ሆንኩ።

ከዚያ በፊት ግን እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ የሚያስቸግርሽ ጥርስ ተነቀለ ወይስ አሁንም አብራችሁ ናችሁ? የምታስተምሪያቸው ልጆች ይፈሩሻል? እኔ አልፈራሽም ነበር፣ ለዚህ ነው ከዘጠነኛ ክፍል ያላለፍኩት። እማዬ ደህና ናት። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ያማርራል እንጂ እሷ አታማርርም። እኔም ደህና ነኝ፤ ካላመንሽ ጎረቤት ጠይቂ። ይቅርብሽ፣ አትጠይቂ።

እንግዲህ ስሚኝ። እኔ ሳጥን የምጭንበት፣ እማዬ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክር ሰም ውስጥ እየነከረች ሻማ የምትሠራበት ሻማ ቤት አዲስ ማሽን ገባ። ማሽኑ ሰም ይጠጣል፣ ሻማ ይተፋል፣ ደመወዝ አይጠይቅም። አለቃችን ወደደው። ይህን ሰውዬ እኔ አማካይ ብዬዋለሁ፣ ነገር ሁሉ በአማካይ ነው የሚገባው። ስንት ልጅ አለዎት ቢሉት በአማካይ ሦስት ይላል።

አማካይ አንድ ቀን ከእማዬ ስድስት ሻማ፣ ከማሽኑም ስድስት ወሰደና ጠዋት በሥራ መግቢያ ለኮሳቸው። እያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደነደደ ጻፈ። የእማዬ ስድስቱም አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነደዱ። የማሽኑ አምስቱ በአምስት ሰዓት ገደማ አለቁ። ስድስተኛዋ ግን፣ እታለም፣ ስድስተኛዋ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ አሥር ሰዓት ሙሉ ነደደች! ተአምር ነው። እኔ ያን ቀን በዚያ ክፍል ያለፍኩት አምስት ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም ሳጥን ተሸክሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ ጉድ ነው ብሎ ሰው ይጠራ ነበር፤ እኛም ስቀን ስቀን እንሞት ነበር። አማካይ ግን ዝም ብሎ ደመረ፣ ለስድስት አካፈለ። ማሽኑ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ፣ እማዬ አምስት ሰዓት ተኩል። በሃያ ደቂቃ ተበልጠሻል ብሎ ከሰም ገንዳው አንስቶ ማሸጊያ ክፍል ጣላት። የማሽኑን ሻማ በካርቶን እንድታሽግለት!

እማዬ መንከሪያ ዘንጓን አጥባ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፣ ሄደች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰም ያለሰለሰውን እጅ ካርቶን በሁለት ሳምንት ቆራረጠው። ራት ላይ ያን እጅ ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይጠፋል። እኔ መሳቅ አቃተኝ ስልሽ የነገሩ ክብደት ይግባሽ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስለ ማን እንደሆነ ያን ሰሞን ገባኝ።

አለቃው ዘንድ ሄጄ ያቺ የአሥር ሰዓቷ ሻማ ትክክል አይደለችም፣ ያውጧት አልኩት። ማስረጃህ ምንድን ነው አለኝ። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። እኔ! ዝም! ለምን እንደሆነ አንቺም ዝም በይልኝ።

ያን ጊዜ ሰማያዊ ደብተርሽ ትዝ አለኝ፣ አልጋሽ ሥር ጥለሽው የሄድሽው። ግማሹን ወረቀት አውሮፕላን አድርጌ አብርሬዋለሁ፣ ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። በተረፈው ውስጥ በራስሽ ጽሕፈት እንዲህ ብለሻል፤ አማካይን የምናምነው ቁጥሮቹ መሐል ላይ በዝተው ዳርና ዳሩ ላይ እየሳሱ የደወል ቅርጽ ሲይዙ ነው፤ ቁጥሮቹ ጥቂት ከሆኑና አንዱ አፈንግጦ ከወጣ ግን መጠኑን ትተን ደረጃውን እንይዛለን። ሁለቱን ወገን ቀላቅሎ ከትንሽ እስከ ትልቅ ማሰለፍ፣ ከዚያ ማን ማንን እንደበለጠ መቁጠር።

ሦስት ጊዜ አነበብኩትና በአራተኛው ዘለልኩ። ለካ ግጥሚያ ነው! የእማዬ ስድስት ከማሽኑ ስድስት ጋር አንድ ለአንድ ሲጋጠሙ ሠላሳ ስድስት ግጥሚያ ይሆናል። ያቺ ጉደኛ የእማዬን ስድስቱንም ትረታለች፣ ግን ስድስት ብቻ ነው። አሥር ሰዓት ብትነድም ስድስት፣ ሳምንት ብትነድም ስድስት። ረጅም ሰው ሰልፉ ጫፍ ላይ ይቆማል እንጂ ከቁመቱ ቆርጦ ለጓደኞቹ አያድልም። ሌሎቹ አምስት የማሽን ሻማዎች አንድም ግጥሚያ አላሸነፉም። ስለዚህ ማሽኑ ከሠላሳ ስድስት ስድስት ብቻ!

እየጨፈርኩ ደብተርሽ መጨረሻ ላይ ያለውን የሠንጠረዥ ገጽ ገለጥኩ። ስድስት ለስድስት ሲጋጠሙ የተሸናፊው ድል አምስት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል ይላል። ስድስት ከሆነ ግን ዕድልም ሊሆን ይችላልና አፍን መዝጋት ነው። ስድስት! በአንድ አነሰኝ! በዚያችው በአንዷ ጉድ! ደብተርሽን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ስለዚህም ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

በማግስቱ ምሳ ላይ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ሳጥን ላይ ወጥቼ፣ አለቃ፣ ሻማው እንደገና ይለኮስ አልኩ። አንተ ዘጠነኛ ክፍል፣ ውረድና ሳጥንህን ጫን አለኝ። የምጠይቅዎ እስከ አሥራ ሁለት መቁጠር ነው፣ እሱን ደግሞ ከዘጠነኛ በፊት ጨርሼዋለሁ አልኩት። ሰው ሳቀ፣ እሱ ቀላ። ሰዓቴን አልሰጥህም አለ፤ የግድግዳው ሰዓት ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ያለው የእሱ ብቻ ነው። ሰዓትዎ እጅዎ ላይ ይክረም፣ ማን ቀድሞ እንደጠፋ ለማየት ዓይኔ ይበቃኛል አልኩት። ከተረታህ ከዚህ ቤት ትወጣለህ አለኝ። እወጣለሁ፣ ከረታሁ ግን እማዬ ወደ ገንዳዋ ትመለሳለች አልኩት። ይሁን አለ፣ ሰው ሁሉ እያየው ምን ሊል ነው? እማዬ ከማሸጊያው በር ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታ፣ ውረድ አንተ፣ ሳጥኑ ይሰበራል አለች።

አለቃው የእማዬን ሻማዎች መስኮቱ አጠገብ ሊደረድር ሲል እምቢ አልኩ። ቦታው በዕጣ ሆነ፣ ዕጣውንም ያወጣው ሽማግሌው ዘበኛ ነው። በሁለት ሻማ መሐል አንድ ክንድ ተውኩ። አንዱ የሌላው ጥገኛ አይሁን ብለሻላ፤ የጎረቤቱ እሳት የሚያቀልጠው ሻማ ምን ነጻነት አለው? ከዚያ ዘበኛው በሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ፣ ማንም እንዳይገባ፣ በተለይ እኔ እንዳልገባ። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ምነው ራስህን ታግዳለህ ቢለኝ፣ ጋሼ፣ ራሴን አውቀዋለሁ አልኩት።

በበሩ መስታወት አየን። መጀመሪያ የጠፉት አራቱ የማሽን ናቸው። አምስተኛ የእማዬ አንዷ ጠፋች፣ የኔም ነፍስ አብራ ጭልም አለች። ስድስተኛ የማሽን፣ ሰባተኛ የእማዬ፣ ስምንተኛ የማሽን። የማሽኑ ስድስት እዚያ ላይ አለቀ። የቀሩት አራቱ የእማዬ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ይነዳሉ። ቁጠሪ እንግዲህ! ስድስተኛዋ አንዷን ረታች፣ ስምንተኛዋ ሁለቱን። ከሠላሳ ስድስት ሦስት! ወሰኑ ስንት ነበር? አምስት!

አማካይ ተራቸውን የጻፈበትን ወረቀት ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ታዲያ ያን ቀን ያቺ ሻማ ምን ነክቷት ነው አሥር ሰዓት የነደደችው አለ። ዘበኛው እኔን አየኝ። እማዬም እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጥሩ ጣሪያ ነው፣ እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

እማዬ በማግስቱ ዘንጓን ከግድግዳው አወረደች። አለቃው ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እኔም አልተውኩትም፣ ባገኘሁት ቁጥር አለቃ፣ ዛሬ ስንተኛ ነዎት እለዋለሁ።

ባለፈው እሑድ እማዬ ጃኬቴን ልታጥብልኝ ወሰደች። ታጥቦ፣ ታጥፎ አልጋዬ ላይ ሳገኘው ከላዩ ላይ አንዲት የሻማ ቁራጭ ተቀምጣለች፣ ጥፍር የምታህል፣ ከሥሯ የማሽኑ ማኅተም ያለባት። ራት ቀርቦ ሳለ ቀና ሳትል፣ ያን ቀን ኪስህ ውስጥ ስትከታት ጎንህን አላቃጠለችህም ወይ አለች። ትንሽ አልኳት። ይበልህ አለችና ሳቀች። በወሩ መጀመሪያዋ ሳቅ ናት። ምን ማለቷ እንደሆነ አንቺ የተማርሽው ድረሺበት። እግረ መንገድሽን፣ ኪስ ውስጥ የደረቀ ሰም በምን እንደሚለቅ ብትጽፊልኝ።

ጥርስሽን ይማርልሽ፣ ለተማሪዎችሽ ልብ ይስጣቸው፣ እኔን የመሰለውን አንዱን ግን እንዳታባርሪው። የእናታችን ሻማ ዕድሜ ላንቺ ይሁን፣ የዚያች መጨረሻ ላይ የጠፋችው።

እስካሁን ወንበሩ ላይ ከሆንሽ ተነሺ፣ ውሃውንም ለአበባሽ አፍስሺው። አሁን መልሼ ሳስበው ነገሩ ይህን ያህል አልነበረም፤ አንዲት ሻማ ናት፣ እሷም ብትሆን ሁለት።

ዘጠነኛ ክፍል የቀረው፣
ታናሽ ወንድምሽ