በራሱ የሚወጣው ውኃ፦ የአቶ ዳርንሊ ኢፊል የሕይወት ታሪክ

አቶ ዳርንሊ ኢፊል ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ክሌመንት ኢፊልና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኡና ግሪኒጅ፣ በባርቤዶስ ደሴት፣ በሴንት ጆን ወረዳ፣ በኮንሴት ቤይ መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1949 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ተወለዱ። ወቅቱ የሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ስለነበር እናታቸውን ምጥ የያዛቸው እርሻው መሐል ነው ይባላል።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በወረዳው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ተማሩ። ሒሳብ ይወዱ ነበር። አባታቸው ወገባቸውን ሲታመሙ ግን ደብተሩን ዘግተው ጀልባ ላይ ወጡ። መምህራቸው ትምህርቱን እንዳያቋርጡ ቤት ድረስ መጥተው ለመኑ፤ ሆኖም በቤቱ ውስጥ ባሕር መውጣት የሚችል ሌላ ወንድ ስላልነበረ፣ መምህሩም አባትየውም አንገታቸውን ደፍተው ተለያዩ።

በ1974 በመንደሩ ገበያ ከውኃ ዘሎ በአየር የሚንሳፈፈውን በራሪ ዓሣ አጥንቱን በማውጣትና በመቀመም የሚተዳደሩትን ወ/ሮ ኢኒድ አሌንን አግብተው፣ ሮል የተባለ ወንድ ልጅና ማርቫ የተባለች ሴት ልጅ አፈሩ።

የአቶ ዳርንሊን ሕይወት ለሁለት የከፈለው ዓመት 1985 ነው። በዚያ ዓመት ባሕሩን የሚያጠና የውጭ አገር መርከብ ከደሴቲቱ በስተ ምሥራቅ ሊሠራ መጥቶ፣ የመለኪያ መሣሪያውን በረጅም ሽቦ ወደ ጥልቁ የሚያወርድና የሚያወጣ ሰው ሲፈልግ እሳቸው ተቀጠሩ። ስድስት ሳምንት ቆዩ። አንድ ቀን የመሣሪያውን ወረቀት ሲያዩ፣ ሙቀቱን የሚያሳየው መስመር እንደ ቁልቁለት ተንሸራቶ በመውረድ ፈንታ እንደ ቤት ደረጃ እየተሰበረ ይወርዳል። መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ደንግጠው ሮጡ። ማሪት የሚባሉት የመርከቧ ሳይንቲስት ግን ሳቁና አስቀመጧቸው። የላይኛው ውኃ ሞቃትና ጨዋማ፣ የታችኛው ቀዝቃዛና ጨው ያነሰው መሆኑን፣ ሁለቱ ሲነካኩ ሙቀት ቶሎ እንደሚሻገርና ጨው እንደሚዘገይ፣ ሙቀቱን የተነጠቀው ጨዋማ ውኃ ከብዶ ከጣት በማይወፍሩ ቀጫጭን ጅማቶች ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ደረጃውን የሚሠሩትም እነዚህ ጅማቶች መሆናቸውን ነገሯቸው። በመጨረሻም ስለ አንድ ቧንቧ ሐሳብ አጫወቷቸው። ረጅም ቧንቧ ወደ ጥልቁ ተሰቅሎ የታችኛው ውኃ አንዴ በእጅ ፓምፕ ቢሳብ፣ እየወጣ ሳለ በቧንቧው ግድግዳ በኩል ሙቀት ያገኛል፤ ጨው ግን ግድግዳውን አያልፍም። ስለዚህ ከአካባቢው ውኃ ቀልሎ፣ የማንንም እጅ ሳይጠብቅ ይወጣል፤ ባሕሩ ባሕር እስከሆነ ድረስም አያቆምም።

አቶ ዳርንሊ መንደር ተመልሰው ይህንኑ አወሩ። ባሕር ደረጃ አለው ማለታቸው ለመንደሩ ሰው የዓመታት መሳቂያ ሆነ። በተለይ የጀልባ ጎረቤታቸው አቶ ላይል ክሎድ፣ መረባቸውን እየጠቀለሉ፣ “ካፒቴን፣ ዛሬስ ስንተኛው ፎቅ ላይ ነው ያጠመድከው?” ይሏቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር እንጂ አይቀየሙም።

ሳቁ የቀነሰው በራሪ ዓሣው መራቅ ሲጀምር ነው። ከ2000 ወዲህ ጀልባዎች ሁለት ቀን ውለው አድረው ባዶ ይመለሱ ጀመር። በገበያው የወ/ሮ ኢኒድ ቢላ ሥራ ፈታ። ሮልም በምዕራቡ ዳርቻ ሆቴል ውስጥ ሥራ እንደሚፈልግ ተናገረ። አቶ ዳርንሊ ልጃቸውን እንዲታገሥ ለመኑት። ከጥልቁ የሚወጣው ውኃ ትንንሾቹን የባሕር ፍጥረታት ይመግባል፣ እነሱ ዓሣውን ይጠራሉ ብለው አምነው ነበርና፣ ያን ቧንቧ ለመሥራት ቆረጡ። ጥቁሩን የውኃ መስመር ፕላስቲክ ቁራጭ በቁራጭ እየገጣጠሙ ሦስት መቶ ሜትር ለማድረስ ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። ጓሯቸው ውስጥ ተጠቅልሎ በቆየበት ጊዜ ዶሮዎቹ መሐሉ ይተኙበት ነበር።

በየካቲት 2012፣ በስድስት ሰው እርዳታ፣ ከመንደሩ አሥራ አንድ ማይል ርቀት ላይ ቧንቧው ወረደ። ማዕበል እንዳይሰብረው አፉ ከውኃው ገጽ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ታሰረ፤ ከላይ የታየው ብርቱካንማ ቀለም የተቀባ ምልክት በርሜል ብቻ ነበር። ግማሽ ቀን በእጅ ሳቡ። ከዚያ ፓምፑ ከቧንቧው ላይ ተፈታ። ሰዎቹ ተራ በተራ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ በደረታቸው ተኝተው ክንዳቸውን እስከ ትከሻ አጠለቁ። ሁሉም የጠበቁት ቅዝቃዜ ነው። ያገኙት ግን እንደማንኛውም ውኃ ለብ ያለ ነበር። አቶ ዳርንሊ ሲወጣ መሞቁ ራሱ ምስክር ነው ብለው ቢያስረዱም የሰማቸው የለም። ሰዎቹ ጀልባዋን ወደ ቤት መለሱ።

አቶ ዳርንሊ ግን ሁለት ጠርሙስ ይዘው ነበር፤ አንዱ ከቧንቧው አፍ፣ ሌላው ራቅ ካለ ቦታ የተቀዳ። ዕድሜ ልካቸውን ለዓሣ ጨው ሲመጥኑ ለኖሩት ለወ/ሮ ኢኒድ በሁለት ስኒ አቀረቡላቸው።

“ይኼኛው ጨው ጎድሎታል” አሉ ወ/ሮ ኢኒድ። “ምን አድርገህበት ነው?”

“ምንም። ቁም ነገሩ ምንም አለማድረጌ ነው።”

ሦስት ጊዜ አቀያየሩባቸው። ሁለት ጊዜ በትክክል ለዩ፤ አንድ ጊዜ ሳቱ። ለአቶ ዳርንሊ ሁለቱ በቂ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በራሪ ዓሣ በምልክት በርሜሉ ዙሪያ ፈላ። ጀልባዎች ሞልተው ተመለሱ፤ በቤተ ክርስቲያን በአቶ ዳርንሊ ስም ምስጋና ቀረበ፤ አቶ ላይልም እጃቸውን ጨበጡ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አቶ ዳርንሊ ቧንቧውን ሊያጸዱ ወርደው በርሜሉ ሥር የታሰረ የደረቅ አገዳ ቅጠል ነዶ አገኙ። በራሪ ዓሣ እንቁላሉን እንዲህ ያለ ነዶ ላይ እንደሚጥል በኮንሴት የማያውቅ ሰው የለም፤ ዓሣ ለመጥራት ሁሉም የሚያስረው ነው። ያሰረው ሮል ነበር። ሲጠየቅም አልካደም።

“ባዶ ተንሳፋፊ ጥሎ የሚመለስ ዓሣ አጥማጅ አለ እንዴ አባዬ? እጄ ለምዶ ነው።”

አቶ ዳርንሊ ነዶውን በቢላ ቆርጠው ለቀቁት። በአራት ቀን ውስጥ ዓሣው ሄደ። መንደሩ ተቆጣ። አቶ ላይልም ዓሣ በነዶ መጣ በቧንቧ መጣ ድስት ውስጥ ሲገባ ያው ነው ብለው ጮኹባቸው። አቶ ዳርንሊ ማወቅ የፈለጉት ቧንቧው ብቻውን ዓሣ ይጠራ እንደሆነ ነበር፤ አወቁትም። ጉዳዩን ጽፈው ለማሪት ላኩ። በመጣው መልስ ውኃው በእርግጥ ሊወጣ እንደሚችል፣ ነገር ግን በሰዓት ከጥቂት ባልዲ እንደማይበልጥ፣ ያን የባሕር ክፍል ለመመገብም እንደዚያ ያለ ቧንቧ በብዙ ሺሕ እንደሚያስፈልግ ተጽፎ ነበር። ደብዳቤውን እስኪያርፉ ድረስ ለማንም አላሳዩም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሮል ሆቴል ሥራ ገባ።

ይህም ሆኖ በየሦስት ወሩ እየሄዱ ከቧንቧው አፍ ላይ ቀንድ አውጣና አረንጓዴ ዝቃጭ ይፍቁ ነበር። ልጃቸው ማርቫ፣ ለማንም ካልጠቀመ ለምን እንደሚደክሙ በጠየቀቻቸው ጊዜ፣ “እየወጣ ነዋ” ብለው ገርሟቸው አዩአት።

በ2015 የስኳር ሕመም ጸናባቸው። በተከታዩ ዓመት ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ባሕር አልወጡም፤ በየሦስት ወሩ ቅዳሜ ቀን ሮል በእሳቸው ፈንታ እየሄደ ያጸዳ ነበር። በሐምሌ 2024 በመጣው ማዕበል የመንደሩ ጀልባዎች ግማሽ ያህሉ ተሰባበሩ፤ ብርቱካንማው በርሜልም በማግስቱ ባዶውን ዳርቻ ላይ ተገኘ። ቧንቧው ከታች እንደተሰቀለ ይቅር ወይም ወደ ባሕሩ ወለል ይስመጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሮል በሰው ጀልባ ሦስት ጊዜ ፈለገ። ባሕሩ ሁሉም ቦታ አንድ ይመስላል፤ ክንዱን ባጠለቀበት ሁሉ ያገኘው ውኃ ለብ ያለ ነበር።

አቶ ዳርንሊ በጥር ወር መጨረሻ አልጋ ላይ ዋሉ። ሐኪሞች የቻሉትን አደረጉ፤ ኩላሊታቸው ግን እጅ ሰጠ። በመጨረሻው ቀን ረፋድ ላይ ዓይናቸውን ገልጠው ውኃው ይወጣ እንደሆነ ጠየቁ። ሮል ፈጥኖ አዎ አላቸው።

“አየኸው?”

ወ/ሮ ኢኒድ ወንበራቸውን ወደ አልጋው ሳቡ።

“አናውቅም ዳርንሊ። ፈልገን አጣነው።”

አቶ ዳርንሊ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ አልጠየቁም። የካቲት 9 ቀን 2025 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ መጀመሪያ ቧንቧቸው ዛሬም ይፈሳል ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ወ/ሮ ኢኒድ ሰረዙት። ቀጥሎ ቧንቧቸው በማዕበሉ ጠፋ ተብሎ ተጻፈ፤ እሱንም ሰረዙት። ስለዚህ ቤተሰቡ በዚህ ቦታ ላይ የሚለው ነገር የለውም።

አቶ ዳርንሊ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ኢኒድን፣ ልጆቻቸውን ሮልንና ማርቫን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ በሕይወት ያሉ ሁለት እህቶቻቸውንና የኮንሴት ቤይን ሰው ትተው ሄደዋል። እኛ ልንወርድበት ያልቻልነውን ጥልቅ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ለቀረነውም ሳናውቅ የምንኖርበትን ጉልበት ይስጠን። አሜን።