በረኪና የማይሸትበት ቤት

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ደረትሽ እንዴት ነው? ማለዳ ማለዳ የሚነሳብሽ ሳል ቀለል አለልሽ ወይስ ዛሬም እየቀሰቀሰሽ ነው? እንቅልፍሽስ? ጉልበትሽስ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ትወስጃለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሻል ሲልሽ ትተዪዋለሽ? ወንድም ጋሼ፣ ባለቤቱ፣ መንትዮቹ ሁሉም ደህና ናቸው? «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ በአንድ ቃል እንዳታልፊኝ፤ አንድ በአንድ ነው የጠየቅኩሽ፣ መልሱንም አንድ በአንድ ነው የምፈልገው።

እኛ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብንም። አማችሽ ደጃፋችን ላይ ባለችው ጠባብ ሱቁ የሰው ቬንትሌተርና ምድጃ እየፈታ ይገጥማል፤ አንዳንዴ ገጥሞ ሲጨርስ ብሎን ይተርፈዋል፣ ስለዚያ አትጠይቂው። እኔም እዚያው ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነኝ፤ አሁን የጠዋት ፈረቃ ስለሆንኩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ እገባለሁ። የልጅ ልጅሽ፣ ሰው ሁሉ ላይ መፍረድ ስለምትወድ ‹ዳኛዋ› የሚል ስም የወጣላት፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ፍርዷን በፉጨት ትሰጣለች።

ይህን የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አውቅሻለሁ፤ ወሬው ወደ አንቺ ጤና ሲዞር «በይ ሥራ አትፍቺ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ እንደ ስልክ አይዘጋምና አረፍ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ባለፈው ወር ከወንድም ጋሼ ጋር ስናወራ ነገሩ ከአፉ አመለጠው። አምና እኔ ዘንድ ለአንድ ወር ብለሽ መጥተሽ፣ በሦስተኛው ቀን «ዶሮዎቼ አሳሰቡኝ» ብለሽ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ሄድሽ። ለካ ዶሮዎቹ ምንም አላደረጉም፤ ያባረረሽ የእኔ በረኪና ነው! «የልጄ ቤት ታጥቦ ታጥቦ እንደ ሐኪም ቤት ይሸታል፣ ደረቴን ዘጋው፤ ግን ቅር እንዳይላት እንዳትነግራት» ብለሽዋል አሉ። እሱም ዓመት ሙሉ አፉን ጠብቆ ቆይቶ በአንዲት ቀን ዘረገፈው። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩብሽ።

እስቲ አስቢው እማዬ። በሆቴሉ ስምንት ዓመት ስሠራ አለቃችን «በረኪና ካልሸተተ አልጸዳም» እያለች ነው ያሳደገችን። እናቴ ስትመጣማ ቤቴ እንዲያበራ ብዬ ጠዋትም ማታም ወለሉን በበረኪና ማጠብ ጀመርኩ። አንቺ ትስያለሽ፤ እኔ «አቧራ ነው» ብዬ እንደገና አጥባለሁ። እንደገና ሳጥብ አንቺ ይብስብሻል። ይህም አልበቃ ብሎ ዓይንሽ እንባ እያቀረረ «ንጹሕ ቤት! እጅሽ ይባረክ» እያልሽ ትመርቂኛለሽ፤ እኔም በምርቃቱ በርትቼ አንድ ክዳን እጨምራለሁ። በሦስት ቀን ሳልገድልሽ መሄድሽ እግዜር ሲረዳን ነው። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ ደረት ግን እንደ ሆድ አይደለም፣ ቻል ቢሉትም አይችልም።

እኔም ግን ያንቺው ልጅ ነኝ። የሄድሽ ዕለት ‹ቤቴ ቆሽሾባት ነው› ብዬ የተኛሽበትን ክፍል እያለቀስኩ እንደገና በበረኪና አጠብኩት። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር እየሳቅኩ አናግርሻለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ሆዴ ይባባል። ምን አጎደልኩባት እያልኩ ዓመቱን ጨረስኩት። ብጠይቅሽ ኖሮ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር፤ አልጠየቅኩሽም።

አሁን ደግሞ ሐኪሙ ቀን ቀን ብቻሽን እንዳትውዪ ብሎሻል። ወንድም ጋሼና ባለቤቱ ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት፤ እዚህ ግን አማችሽ ከደጃፍ አይጠፋም፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ አለሁ። ነይ ብንልሽ «ቤታችሁ ጠባብ ነው፣ ለራሳችሁም አልበቃችሁ» ብለሽ ጽፈሽልናል። ጥበቱ ሰበብ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ቢሆንም ሰበብም እውነትም እንዳይቀርሽ ብዬ ሽታውንም ጥበቱንም አብሬ ላጠፋ ተነሣሁ። ወሬዬም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ሽታውን ያዝኩ። ጎረቤታችን ፋርማሲስት ናት፤ የሷም አባት አስም ስላለባቸው ብልሃቱን ሁሉ ታውቀዋለች። ኮምጣጤ ገዝቼ ስገባ አየችኝና በረኪናው ገና ቤት ውስጥ እንዳለ ስነግራት ጮኸችብኝ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ መርዝ የሆነ ጋዝ ያወጣሉ፣ አንድ ባልዲ ውስጥ እንዳይገናኙ አለችኝ። እኔ ደግሞ ሁለቱን ባንድ ላይ ብጠቀም ድርብ ይጸዳል ብዬ ነበር ያሰብኩት! የተረፈውን በረኪና ለግቢው ሽንት ቤት ጠራጊ አስረክቤ፣ ባልዲውን ሦስት ጊዜ በውኃ አለቅልቄ አንድ ብዬ ጀመርኩ።

አሁን መስኮት የምወለውለው አንድ እጅ ኮምጣጤ ከሦስት እጅ ውኃ ቀላቅዬ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ነው፤ እንዴት እንደሚያበራ ብታዪው! የዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ በመጋገሪያ ሶዳ እፈትገዋለሁ፣ መክተፊያውን በሎሚ ግማሽና በጨው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የጋገረውን ነጭ ነገር ኮምጣጤ አፍልቼበት ልጦ ጣለው፤ አማችሽ «ማንቆርቆሪያችን ለካ ብርማ ነው» አለ፣ ስድስት ዓመት ግራጫ ይመስለው ነበር። ለወለሉ ደግሞ የሆቴሉ እንግዶች ትተውት የሚሄዱትን የሳሙና ቁራጭ፣ ሽታ የሌለውን ነጩን ብቻ መርጬ፣ ፈቅፍቄ በሙቅ ውኃ አሟሟዋለሁ። ጫማ ማስቀመጫው ውስጥ ደረቅ ሶዳ በስኒ አስቀምጫለሁ፤ የአማችሽን ጫማ ሽታ ያሸነፈ ሌላውም አያቅተውም።

ስሕተት አልሠራሁም እንዳልልሽ ዳኛዋ ምስክር ናት። ሶዳውና ኮምጣጤው ሲገናኙ ደስ የሚል አረፋ ያወጣሉ፤ ታዲያ ይህን አረፋ ለሳምንት አዘጋጅቼ ላስቀምጠው ብዬ ጠርሙስ ውስጥ ሁለቱን ጨምሬ ክዳኑን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። አማችሽ ለሰው ሠርግ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ መስታወት ፊት ቆሟል። ክዳኑ ተፈናጥሮ ጣሪያውን መታ፣ አረፋው ደግሞ እሱን። ሠርጉ ቤት የደረስነው ምሳ ተነሥቶ ነው። ፋርማሲስቷ ሰምታ ሆዷን ይዛ ከሳቀች በኋላ፣ ጠርሙሱ ቢፈነዳ ኖሮ ዓይን ያጠፋ እንደነበር ነገረችኝ። ደግሞም ሁለቱ ሲቀላቀሉ ጉልበታቸውን ተጨራርሰው ውኃ ብቻ ነው የሚተርፈው አሉ፤ ለየብቻ ነው የሚሠሩት።

ቀጥሎ ጥበቱ መጣ። በሩ ጀርባ ያለውን ጥግ አላየሽውም፣ ስትመጪ በአንሶላ ጋርደነው ነበር። እዚያ ውስጥ ሦስት የተቃጠሉ ቬንትሌተሮች፣ አንድ ጆንያ ሽቦ፣ ክዳን የሌላቸው ጣሳዎች፣ ጣሳ የሌላቸው ክዳኖች፣ ከሠርጋችን ጀምሮ ‹ለእንግዳ› እየተባለ ካርቶኑ ያልተከፈተ ብርጭቆ ነበር። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም፤ ሦስት ፌስታል ሙሉ ፌስታል ተገኝቶብኛል።

እሑድ ጠዋት ዕቃውን ሁሉ አወጣንና ዳኛዋ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተሰየመች። ይቆያል፣ ለሰው ይሰጣል፣ ይጣላል፤ ፍርዱ ይኸው ሦስት ነው። አባትዬው ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። «ይህ እኮ አንድ ቀን ይጠቅማል» ባለ ቁጥር እሷ «ቀኑ መቼ ነው?» ትለዋለች፤ ቀን ሊቆርጥለት ያልቻለው ሁሉ ተጣለ። አንዱን ቬንትሌተር ብቻ «ለአያትሽ ነው» ብሎ እዚያው ጠግኖ ሲያሽከረክረው ይግባኙ ተቀባይነት አገኘ። የተረፈው ሽቦ በየጣሳው ተከፋፍሎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የባዶ ማርማላታ ጠርሙሶችን ክዳን ደግሞ መደርደሪያው ሥር በብሎን አሰራቸው፤ ጠርሙሱን ከታች አሽከርክሮ መግጠም ነው፣ ብሎኑም የልብስ ቁልፉም መርፌውም አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሰው ሲመጣ እየጠራ ያሳያል፤ የፈጠራ ሥራ ሽልማት ያልተሰጠው ሀገሩ ስላላወቀው ነው ባይ ነው።

ብርጭቆውንም ካርቶኑን ቀድጄ አወጣሁት። ሻይ የምንጠጣበት በሱ ነው። እስካሁን አንዱ ተሰብሯል፤ ማንም አልሞተም።

ከበሩ ጀርባ ያ ሁሉ ሲወጣ እማዬ፣ አንድ ሰው በምቾት የሚተኛበት ቦታ አለ! መስኮቱም ከራስጌው ነው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ማለት ይህ ነው። አማችሽ ከአሮጌ ጣውላ አልጋ ሠራልሽ፤ ስትነሺ ጉልበትሽን እንዳያምሽ ብሎ ከፍ አድርጎታል፣ እኔ ግን ከሥሩ ሽቦ ሊደብቅ እንዳሰበ ጠርጥሬ ሻንጣዎቹን ቀድሜ አስገባሁበት። ሆቴሉ ያረጁ አንሶላዎችን ለሠራተኛ ሲያድል ሁለቱን አምጥቼ መጋረጃ ሰፋሁ። ያለቀለትን ጂንስ ኪሶቹን ቆርጬ ወፍራም ጨርቅ ላይ ደርድሬ ሰፋሁና ከራስጌሽ ሰቀልኩት፤ አንዱ ለመነጽርሽ፣ አንዱ ለመድኃኒትሽ፣ አንዱ ለመሐረብሽ። አራተኛው ኪስ የከረሜላ ነው ብላ ዳኛዋ ፈርዳለች፤ የማን ከረሜላ እንደሆነ ግን አልገለጸችም።

ታዲያ አንቺን ደግሜ መፈተኛ ላደርግሽ ስለማልፈልግ የፋርማሲስቷን አባት ለመንኳቸው። ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ያገኙትን ሁሉ ስለሚያዝዙ ሰፈሩ ‹ሻለቃ› ይላቸዋል፣ መንገድ ላይ ሽቶ የተቀባ ሰው ቢያልፍ እንኳ ያስላቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ኮምጣጤው ሳይደርቅ አስገባኋቸውና «ሰላጣ ውስጥ ያስቀመጣችሁኝ መሰለኝ» ብለው ጥለውን ወጡ። በማግሥቱ አማችሽ ማለዳ ጠርጎ መስኮቱን ከፍቶ አዋለው፤ እኔም ከሥራ ስገባ እንደገና መጡ። ተቀመጡ። አሸተቱ። አልጋውን ልሞክር ብለው ጋደም አሉ። ሦስታችን ከመጋረጃው ወዲህ ትንፋሻችንን ይዘን ሳሉን ስንጠብቅ፣ ማንኮራፋት መጣ! ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳሉም። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ አማችሽም ሽንኩርት እንደላጠ ሰው ዓይኑን ይጠራርጋል። ሻለቃ ሲነሡ «ይህ ቤት አልፏል!» ብለው አወጁ። ችግሩ፣ ከዚያ ወዲህ «ምርመራው ገና አላለቀም» እያሉ በየቀኑ ይመጣሉ። ቶሎ ካልደረስሽ አልጋሽን መውረሳቸው ነው።

እማዬ፣ ኮምጣጤና ሎሚ ሳል አያድኑም፤ ይህን አውቃለሁ። ሐኪምሽንም መድኃኒትሽንም አትተዪም። ዶሮዎቹን መንትዮቹ እንደሚጠብቁልሽ በስልክ ምለውልኛል። ወንድም ጋሼ የመጪው ወር መጀመሪያ ላይ ራሱ ሊያደርስሽ ተስማምቷል፤ የቀረው ያንቺ እሺታ ብቻ ነው። እሱንም ስትሰጪ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፤ የማይስማማሽ ነገር ካለ በመጀመሪያው ቀን ንገሪኝ። ሽታው ከሆነ ሽታው፣ ፍራሹ ከሆነ ፍራሹ፣ የእኔ ለፍላፊነት ከሆነም እሱው። ይሉኝታ ለእንግዳ ነው። እኔ ልጅሽ ነኝ፤ ቅር ቢለኝ ቅር ይበለኝ፣ ቅሬታ አይገድለኝም። አንቺ ከጎኔ ተኝተሽ መታፈንሽን ሳላውቅ መቅረቴ ነው የሚገድለኝ።

ለወንድም ጋሼ አፉ ስላመለጠው እግዜር ይስጥልኝ በዪልኝ። ለባለቤቱ፣ አንቺን እንደ እናቷ ለያዘችልኝ፣ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ አንቺን መንጠቄ ሳይሆን ተራዬ ደርሶ መሆኑን አስረጂልኝ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ የቱ የቱ እንደሆነ እስካሁን አልለየሁምና ሁለቱንም እኩል ሳሚ። አማችሽ እጅ ነሥቷል። ዳኛዋ «አያቴ ሳትመጣ ችሎት አይዘጋም» ብላለች።

ሳል ካለብሽም ደብቀሽው እዚያ አትቅሪ፤ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁሽ ሳዪ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ
አልጋሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን