ሻለቃ ከአባባ እጅ አልበላም አለ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ አንሶላ ስትተኩሺ ያብጣል ያልሽው ቁርጭምጭሚትሽ ተሻለው ወይስ እንደ ልማድሽ "ደህና ነው" እያልሽ እየሸፋፈንሽው ነው? ሳልሽስ ለቀቀሽ? የክፍልሽ መስኮት ተጠገነልሽ? አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽ አሁንም በእንቅልፍ ልቧ ትዘፍናለች? እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ በአካል ደህና ነን። መጀመሪያ "ሁላችንም ደህና ነን" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያንን ወረቀት ቀድጄ ነው ይኼኛውን የጀመርኩት።

ባለፈው ስትደውዪ አባባ ተኝቷል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ግድግዳውን ያይ ነበር። በስልክ ከነገርኩሽ ድምፄ ያሳብቅብኛል፣ አንቺንም ከሰው አገር ሥራ ላይ አስለቅስሻለሁ ብዬ ዋጥኩት። አሁን ግን ብቻዬን የምሸከመው አልሆነም። ነገሩ የሚጀምረው ከውሻሽ ከሻለቃ ነው። ውሻ ደግሞ ምን ያደርጋል ብለሽ እንዳትስቂ፤ እስኪ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ስትሄጂ በር ላይ ቆመሽ አደራ ያልሽኝ ሁለቱን ነው፤ አባባንና ሻለቃን። ስለ ሻለቃ "በደንብ አብላው፣ ሥርዓትም አስተምረው" ነበር ያልሽኝ። ስለ አባባ ምንም አላልሽም፣ አለቀስሽ ብቻ። እኔ ግን የውሻውን አደራ እጠብቃለሁ ብዬ የአባባን በላሁት።

አባባ መርሳት መጀመሩን አንቺም እያለሽ አይተሻል። ያኔ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሲያተራምስ እንስቅ ነበር። አሁን ሳቁ አልቋል። እማማ ገበያ የሄደች ይመስለዋል፤ ዘገየች እያለ በየሰዓቱ ይጠይቀኛል። እኔን አንዳንዴ በስሜ ይጠራኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ የሆስፒታሉ ዕቃ አጣቢ ያደርገኝና "ይህን ድስት ፈገፈግኩ ትላለህ?" ብሎ ይቆጣኛል። ያልጠፋበት ሙያው ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ለታማሚ ሲያበስል የኖረ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ጠዋት ሽርጡን ታጥቆ ወጥ ቤት ይገባል። ለማን ያበስል? እኛ ሥራ ነን፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። ለሻለቃ ያበስላል።

ሩዝ በሥጋ ይቀቅላል፣ ካሮቱን አድቅቆ ይከትፋል፣ ያቀዘቅዛል፣ በትንሿ ጣቱ ሙቀቱን ይለካል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያቀርባል። ሻለቃ ጠርጎ ይበላል። አባባ ሳህኑን ያጥባል፤ እጁን አድርቆ ሲዞር ረስቶታል። "ይህ ውሻ ዛሬ በላ?" ይልና እንደገና ድስት ይጥዳል። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ። ሻለቃም እንደምታውቂው ይሉኝታ ያጠቃዋል፤ የቀረበለትን መመለስ ነውር ነው የሚመስለው። በስድስት ወር ውስጥ ከሻለቃነት ወደ ጄኔራልነት አደገ። ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ሦስት ደረጃ ወጥቶ ያርፋል፣ እንደ አሮጌ ሰው ያቃስታል።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በር ላይ ተዘርሮ አገኘሁት። ያስመልሰዋል፣ ዓይኑን ገልጦ አያየኝም። ተሸክሜው እየሮጥኩ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ሆዱን ደባብሳ "ማነው እንዲህ የሚያበላው?" አለችኝ። አባቴ ማለት አሳፈረኝ። "ልቡና ጉበቱ በስብ ታፍኗል፤ ለዛሬው አትርፈነዋል፣ ይህ ከደገመው ግን አይነሳም" አለች። ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በዚህች ኩባያ ተለክቶ፣ ካንድ ሰው እጅ ብቻ ይብላ ብላ ኩባያዋን ሰጠችኝ።

እታለም፣ ሌላውን ሁሉ ሞክሬ ነው ወደዚያ የሄድኩት። ፍሪጁ ላይ "ሻለቃ በልቷል" ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፤ አባባ አንብቦ "ይህ የትናንት ነው" ብሎ ገነጠለው። ወጥ ቤቱን ቆለፍኩ፤ ባለቤቴ ቀድማ ስትገባ ሽርጡን እንደታጠቀ በሩ ፊት ቆሞ አገኘችው። መቼ እንደቆመ አላወቀም፤ እግሩ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻለቃን ይዤ ሥራ ቦታዬ ዋልኩ፤ በሁለተኛው ቀን አንድ ደንበኛ የሚረከበውን ሶፋ ክንድ ዘንጥሎ ስፖንጁን ወለሉ ላይ በተነው። አለቃዬ "ወይ ውሻው ወይ አንተ" አለኝ። የባሰው ደግሞ ቤት ነበር የጠበቀኝ፤ አባባ ሳህን ይዞ ውሻውን ፍለጋ ወጥቶ ሁለት ሰፈር አልፎ ነው የተገኘው።

እንግዲያ ውሻው ይማር አልኩ። ሰው ማስተማር ካቃተኝ ውሻ ላስተምር። እንዴት እንዳስተማርኩት ብታዪ ትኮሪብኝ ነበር። መጀመሪያ ቁራሽ ሥጋ ጨብጬ "ተው" እለዋለሁ፤ ሲያሸት፣ ሲልስ፣ ሲቧጥጥ ዝም። ትቶ ፊቱን ሲያዞር ያን ጊዜ እጄን ከፍቼ አጎርሰዋለሁ፣ "ጎበዝ" እለዋለሁ። ሳልመታው፣ ሳልጮህበት። ቀጥሎ ባለቤቴ ትዘረጋለታለች፤ ፊቱን ካዞረ ከኔ እጅ ይሸለማል። ቀጥሎ ልጄ። ቀጥሎ ጎረቤት። እስኪማር ድረስ ጎረቤታችን ቀን ቀን እየዋለች፣ አባባ ሳህኑን አቅርቦ ዞር ሲል ምግቡን ከሻለቃ ፊት አንስታ ባዶውን ትመልስለት ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ሰው ሁሉ ሥጋ ቢያንጠለጥልለት ቀና ብሎ የማያይ፣ ጠዋትና ማታ በኩባያ የሚበላ ውሻ ሆነ። ወገብ አወጣ፣ ደረጃውን እየዘለለ መውጣት ጀመረ። ሐኪሟም ሚዛን ላይ አውጥታው "እንዳንተ የሚያስተምር ባለቤት አላየሁም" አለችኝ። ያን ቀን ደስታዬን አልችለው አልኩ።

የቀረችኝ አንዲት ፈተና ነበረች፣ የአባባ እጅ። እሷንም በእሑድ ቀን፣ ባለቤቴን ለምስክር ጠርቼ ፈተንኩ። አባባ ያበሰለውን ይዞ ጎንበስ አለ። ሻለቃ አየው፣ ምራቁን ዋጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ጅሉ አጨበጨብኩ! አባባ ግን ሥጋውን ወደ አፍንጫው አቀረበና አሸተተ። ቀመሰው። "ተበላሽቷል መሰለኝ" ብሎ ድስቱን ሙሉ ደፋው። አዲስ ሠርቶ አቀረበ፤ ሻለቃ ዞረበት። እጁን በሳሙና እስከ ክንዱ ታጥቦ መጣ፤ ሻለቃ ዞረበት። ሦስተኛው ላይ አባባ ቀና ለማለት ጠረጴዛውን መያዝ አስፈለገው። ሽርጡን ፈታ፣ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልታጠቀውም።

ያን ቀን ማታ እራት አልበላም አለ። በማግስቱም። ይረሳዋል ብዬ ነበር፤ ምን የማይረሳው አለ ብዬ። የእማማን መሞት የረሳ ሰው፣ ያንቺን መሄድ የረሳ ሰው፣ የራሱን ዕድሜ የረሳ ሰው ያችን አንዲት ነገር ግን አልረሳትም። ምን እንደሆነ ላያውቀው ይችላል፣ ቅሬታው ግን ፊቱ ላይ ቀርቷል።

ምክንያቱን የደረሰችበት ባለቤቴ ናት። "አባባ፣ እባክዎ ለኔ ሲሉ ይቅመሱ" ስትለው "ሰዎቹ በሉ?" አላት። "አዎ፣ ሁሉም በሉ" አለችው። ወደ ሻለቃ አየና "አልበሉም" አለ። ያን ጊዜ ጭንቅላቴን ወለሉ ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ። አንቺስ ረሳሽው? እኛ ስንበላ አባባ መቼ ተቀምጦ ያውቃል? የመጨረሻው ሳህን ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሳይወጣ፣ በቤትም የመጨረሻው ልጅ ሳይጠግብ ማንኪያ አያነሳም ነበር። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሻለቃን አብልቶ ሲጨርስ ከድስቱ ጥግ ትንሽ ለራሱ አውጥቶ ይበላ ነበር። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ። እኛ የቆጠርነው ውሻው የበላውን ብቻ ነው። አባባን በሕይወት ያቆየው ያ እንደነበረ አላየንም። እኔ በገዛ እጄ፣ በትዕግሥት፣ ደረጃ በደረጃ አቋረጥኩት።

ከዚያ ወዲያ ያስተማርኩትን ላስረሳ ተነሳሁ። ሐኪሟን ጠየቅኳት፤ ማስተማሩ የፈጀውን ያህል ማስረሳቱም ይፈጃል አለችኝ። የአባባን እጅ በእጄ ደግፌ አቀረብኩ፤ ሻለቃ የኔን ጣት ለይቶ ከኔ ብቻ ጎረሰ። አባባ እጁን ሰበሰበና "ካንተ ነው የሚበላው" አለኝ። አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አሁን ሰውነቱ አልቋል፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ በገመድ አስረንለታል። ለሰው ሐኪምም አሳይተነዋል፣ ጉሮሮውም ሆዱም ደህና ነው ብለው መለሱን። የሚወስደው ጥቂት ሻይና ባለቤቴ እየለመነች የምታስውጠው ሁለት ማንኪያ ሾርባ ነው።

ባለፈው ዓርብ ቀን እኔ በሠራሁለት ወንበር ላይ ዳቦ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሻለቃ መጣ፣ ዳቦውን አየ፣ እኔን አየ። ትንፋሼን ይዤ ራሴን ነቀነቅኩለት። ቀስ ብሎ ከአባባ እጅ ወሰደና በላ። እንደ እብድ ዘለልኩ፤ "አባባ! በላ እኮ! ካንተ እጅ በላ!" አልኩት። አባባ ባዶ እጁን አየ፣ ውሻውን አየ። "የማን ውሻ ነው?" አለኝ። ሻለቃን ረስቶታል፣ እታለም። "በል አሁን አንተም ብላ፣ ሁሉም በልቷል" ስለው ግን "አንድ ሰው ቀርቷል" አለ። ማን ነው የቀረው ስለው ወደ በሩ አየና "ትልቋ ልጄ አልገባችም" አለኝ።

ስልክ ላይ ድምፅሽን እንደማያውቀው አንቺም ታውቂያለሽ፤ "ይቺ ሴትዮ ማናት" ብሎ ይመልስልኛል። "በልቻለሁ" የሚል ወረቀት በስምሽ ጽፌም አነበብኩለት። ተቀብሎ ገለበጠና "ይህ ያንተ ጽሑፍ ነው፣ ዕቃ አጣቢው" አለኝ። ያንቺን አጻጻፍ ግን ያውቀዋል፤ የድሮ ደብዳቤሽን ስሰጠው በጣቱ ፊደሎችሽን ይዳስሳል። ስለዚህ በእጅሽ፣ በትልቁ ጻፊለት። ጠዋትና ማታ ገበታ ላይ አነብለታለሁ፤ ስለሚረሳው ሁልጊዜ አዲስ ይሆንለታል። ደብዳቤ ደርሶ እስኪመለስ ከወር በላይ ይወስዳል። ያን ያህል ጊዜ ይኑረን አይኑረን አላውቅም።

ባለቤቴ ጉንጭሽን ትስማለች፤ እህትሽ እንጂ የወንድምሽ ሚስት ብቻ እንዳልሆነች ንገራት ብላኛለች። ልጄ ሁለት ጥርስ አውልቃለች፣ አክስቴ አሁን እንዳታየኝ ትላለች። ጓደኛሽን ሰላም በይልኝ። ሻለቃ ደህና ነው፣ አደራሽ ቆንጆ ሆኗል፣ ሳየው ይቆጨኛል። አባባን "ለልጅህ ምን ብዬ ልጻፍላት?" አልኩት። "በልታለች ወይ በላት" አለኝ።

እባክሽ እታለም፣ ባትበዪም እንኳ በልቻለሁ በይው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 14 ቀን