ከአምስቱ አሠልጣኞች አንደኛ ሆነው ለወጡት ለአቶ ተስፋነህ

ይድረስ ለክቡር አቶ ተስፋነህ፣ የሰንበሌጥ ሜዳ የገና ጨዋታ ቡድን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የቀድሞ አሠልጣኝ፣ የወደፊት አሠልጣኝ፣ እንዲሁም ባለፈው እሑድ በወጣው ማስታወቂያ መሠረት በቡድናችን ታሪክ ከተነሡት ዋና አሠልጣኞች ሁሉ የበላይ፤

ደብረ ታቦር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ከጉና በሚወርደው በዚህ ውርጭ ጉሮሮዎ ደኅና ነው ወይ? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም፤ እሑድ ውጤቱን በድምፅ ማጉያ ሲያነቡ፣ ከገዛ ስምዎ ላይ ሲደርሱ ድምፅዎ ቆረጥ ቆረጥ ሲል ስለ ሰማሁ ነው። ብርድ ከሆነ እግዜር ይማርዎ፤ ትሕትና ከሆነም ሰንበት ብሎ ይለቅዎታል።

ያለነው በጾመ ነቢያት ነው። በጾም ሰው ማማት እንደማይገባ ስለማውቅ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ዝም ልበል ወይስ ልጻፍ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም «ስምህን ከጻፍህበትና እሱ ራሱ እንዲያነበው ከላክህለት ሐሜት አይባልም» አሉኝ። ስለዚህ ስሜ ከታች አለ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፈ የቃላት ግድፈት ቢያገኙ በታላቅነትዎ ይለፉልኝ።

አስቀድሜ ላመስግንዎት። «የምንጊዜም ምርጥ አሠልጣኝ» የሚለውን ደረጃ ካወጡልን ወዲህ ከተማችን ወሬ አልቸገራትም። ድሮ በመናኸሪያው በር የሚሰማው የጤፍ ዋጋ ነበር፤ አሁን የባጃጅ ልጆች ተሳፋሪ አስቀምጠው ይከራከራሉ። የቀድሞው አሠልጣኝ የመምህር ሲሳይ ደጋፊዎች፣ መምህሩ ፊሽካና ሩጫ አምጥተው የጎረቤታችንን የገሳይን ቡድን በተከታታይ እንደረቱ ሲያወሩ፣ የሌላው አሠልጣኝ የአያ ይሻው ወገን የሆነው ፀጉር አስተካካያችን ምላጩን ከሰው አንገት ሳያነሣ «ሩጫማ ጅብም ያስተምራል» ይላል። «ተው እንጂ ወንድሜ! የአያ ይሻው ልጆች እኮ ኳሷን፣ እሩሯን፣ እንደ ሙሽራ አጅበው ነበር የሚሄዱት፤ መቼ ልትደርስ!» ሲሉት፣ «የሲሳይ ልጆችስ? እነሱ ቀድመው ይደርሳሉ፣ እሩሯ ኋላ ቀርታለች!» ብሎ ይመልሳል። ደንበኛው በመካከል «ኧረ ጌታው፣ ጆሮዬን አደራ» ይላል። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ የእርስዎን ስም ያነሣ አንድ ሰው እንኳ አልሰማሁም፤ ይህም ታላቅነትዎ ከክርክር በላይ መሆኑን ያሳያል።

ሆኖም ምስጋናው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ መስፈርቱ። ማስታወቂያው አሠልጣኞቹ የተመዘኑት በምስክር ወረቀት፣ በቴሌግራም ድምፅና «በገጽታ» ነው ይላል። በዚህም መሠረት ከጎልማሳነት እስከ ሽበት ቡድናችንን የመሩት አያ ይሻው ከአምስት አምስተኛ ወጥተዋል፤ ምክንያቱም ወረቀት የላቸውም፣ ፎቷቸውም ከቀበሌ መታወቂያ የተወሰደ ስለሆነ ገጽታቸው የተከሳሽ ይመስላል። መምህር ሲሳይ ተዛውረው ስለ ሄዱ ሁለተኛ ሆነዋል። ሁለቱ ሟቾች ነፍሳቸውን ይማርና ሦስተኛና አራተኛ መባላቸውን ያለ ቅሬታ ተቀብለዋል። እርስዎ ግን በባሕር ዳር የተሰጠ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ምስክር ወረቀት በመስታወት አድርገው ቢሮዎ ሰቅለዋል። ሥልጠናው ስለ መረብ ኳስ እንደ ነበረ የሚያነሡ ምቀኞች አሉ፤ እኔ ግን ዕውቀት ምን ጊዜም ዕውቀት ነው ባይ ነኝ። እጩውም፣ መዛኙም፣ ውጤት አንባቢውም እርስዎ መሆንዎን የሚያነሡም አሉ፤ ለእነሱም የሰው እጥረት መኖሩን አስረድቻለሁ።

፪ኛ. ስለ ድምፁ። እንደሚያውቁት ምርጫው በተካሄደበት ሳምንት በእኛ በኩል ኔትወርክ አልነበረም። ታዲያ ያ ሁሉ ድምፅ ከየት ዘነበ ብዬ ስገረም፣ ኔትወርኩ ሲመለስ ስልኬ ጮኸ። ሟች ባለቤቴ ብዙነሽ የገሳይ ልጅ እንደ ነበረች ያውቃሉ፤ የደወለችው እኅቷ ገነት ናት። «ሙላቴ! ተስፋነህን አስመረጥንላችሁ እኮ! ስልክ የሌለው እንኳ ከጎረቤት ተበድሮ ነው የመረጠው። ምን ይደረግ፣ ደግ ሰው ነው፤ ሦስት ገና ሙሉ አንድ ቀን አላስከፋንም!» ብላ ሳቀችብኝ። እዚያም የወጣውን ግጥም በስልኩ ውስጥ አወረደችልኝ፤

ተስፋነህን ሹሙት፣ ዕድሜውን ይስጥልን፣
በየገናው መጥቶ እሩር ያቀብለን።

በእኔ ዕድሜ ከተጋጣሚው ሕዝብ ይህን ያህል ፍቅር ያተረፈ አሠልጣኝ አላየሁም። እንኳን ደስ ያለዎት።

፫ኛ. እስካሁን ያልሁትን እንደ ቀልድ ቢወስዱት አልቀየምም፤ ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያው በግርጌው፣ አንደኛ የወጣው አሠልጣኝ በመጪው ገና ከገሳይ ጋር በሚደረገው ጨዋታ ቡድኑን እንደሚመራ፣ «ከጨዋታ በፊት ይደረጉ የነበሩ ኋላ ቀር ልማዶችም» እንደ ወትሮው ታግደው እንደሚቆዩ ይገልጻል። ኋላ ቀር የተባለው ምን እንደሆነ ወጣቶቹ ስለማያውቁት ላስረዳ።

አያ ይሻው ልጆቹን ወደ ሜዳ ከማስገባታቸው በፊት ሁሉንም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አሰልፈው ዱላቸውን ሣሩ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ከዚያ «ከወዲያኛው ወገን ከማንም ጋር ቂም የሌለበት ዱላውን ያንሣ» ይሉና ጀርባቸውን ያዞራሉ። ማን እንዳነሣ፣ ማን እንደተወ አያዩም። ዱላውን የተወ ሰው ዝም ብሎ የጨዋታ ልብስ ሊጠብቅ ይሄዳል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ፈሪ የሚለውም የለም፤ ለሁሉም የቀረበ ጥያቄ ነውና። አንድ ገና እንዲያውም ብርቱ ብርቱዎቹ ሁለት ልጆች ዱላቸውን ሳያነሡ ቀርተው፣ ተተኪ ጠፍቶ፣ በጎዶሎ ገብተን ተረታን። ኮሚቴዎ ለዚህች ሽንፈት ከአያ ይሻው ነጥብ ቀንሷል። እኔ የማስታውሰው ግን በዚያ ማታ አሸናፊና ተሸናፊ ከአንድ መሶብ መብላታችንን ነው።

እኔም ወጣት ሳለሁ ሣሩ ላይ የቀረ ዱላ ነበረኝ። በጥጃ ግዢ ከተጣላሁት የገሳይ ጎረምሳ ጋር በዚያ ቀን ብገጥም ኖሮ አናቱን አልምረውም ነበር። አልገባሁም፤ ቂሙም በክረምቱ ሟሟ፤ በዓመቱ በሽማግሌ ታረቅን፤ ቤቱ ስሄድ እኅቱን አየሁ። ብዙነሽ ማለት ያቺ ናት። እንግዲህ ስለ አሠልጣኝነት ሲመዝኑ፣ ሌላው ከአያ ይሻው ዋንጫ አላገኘ ይሆናል፤ እኔ ግን ሚስት አግኝቼባቸዋለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት በሰላም አብሬያት ኖሬ፣ ጌታ ሲጠራት በእጄ ገንዤአታለሁ። ይህ በየትኛው መስፈርት እንደሚገባ ኮሚቴው ቢያሳውቀኝ ደስ ይለኛል።

እርስዎ በመጡ ጊዜ «የተጫዋች የግል ጉዳይ ነው፣ ዘመናዊ አሠልጣኝ እንዲህ አይጠይቅም» ብለው ልማዱን አስቀሩት። መልካም። ብዙነሽ ስታርፍ ደግሞ በገሳይ ከአባቷ የወረሰችው ቁራሽ መሬት፣ በልጄ በአዳነና በአጎቷ ልጅ ልጅ በውባንተ መካከል የድንበር ጠብ ሆነች። ሽማግሌ ተቀምጦ ገና ሳይጨርስ ያለፈው ገና ደረሰ፤ ውባንተ በገሳይ በኩል፣ አዳነ በእኛ በኩል ገቡ። የጠየቃቸው የለም። እሩሯ ከሁለቱም ርቃ ወዲያ ማዶ ሳለች የውባንተ ዱላ የልጄን እጅ አገኘች። እርስዎ ያኔ ምን እንዳሉ አልረሳሁትም፤ «ይቀጥል! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉ። እውነትዎን ነው፤ አባቶቻችን ያሉት ነው። ነገር ግን ያሉት፣ ቂመኛው ሣሩ ላይ ዱላውን ትቶ ከወጣ በኋላ ለገባው ሰው መሰለኝ።

ወጌሻው የቻለውን አደረገ። ሁለቱ ጣቶች ግን ጠመም ብለው ስለ ገጠሙ፣ ዘንድሮ ሲያርስ እርፉን በደንብ አይጨብጡለትም። በዚህ አንድ ቀን አላማረረም፤ የሚያስፈራኝም እሱው ነው። ከኅዳር ጀምሮ ማታ ማታ የወይራ ዱላውን እሳት ያሳየዋል፣ ቅቤ ይቀባዋል፣ ደግሞ ያሳየዋል። ለጨዋታ ዱላ የሚያበጅ ሰው ያፏጫል፣ ያንጎራጉራል፤ የኔው አያፏጭም። «ልጄ፣ ዘንድሮ ብትተወውስ?» ስለው፣ ከዱላው ላይ ቀና ሳይል «አባባ፣ ምን ያስፈራሃል? በገና እኮ አይቆጡም» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ የምፈራው ለልጄ ጣት አይደለም፤ ጣቱ ተሰብሮ አልቋል። የምፈራው እጁን ነው። ውባንተም ቢሆን የሰው ልጅ፣ ያውም የብዙነሽ ሥጋ ነው። እኔ «ተቀመጥ» ብዬ ከሰው ፊት ብጎትተው ልጄን ፈሪ አሰኝቼ የባሰ አነሣሣዋለሁ። ሁሉም እኩል ሲጠየቅ፣ ጠያቂውም ጀርባውን ሲያዞር ግን፣ አንድ ጎረምሳ ስሙን ሳያጣ ዱላውን የሚተውባት ትንሽ በር ትከፈታለች። እርስዎ የዘጉት እሷን በር ነው።

ይህን ስጽፍ ራሴንም መርምሬአለሁ። ብዕሬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ «ከአቶ ተስፋነህ ጋር ቂም የሌለብህ ከሆነ አንሣ» ብዬ ለራሴ ተናገርሁ። ሳላነሣት ዋልሁ፤ ሳላነሣት አደርሁ። ኋላ ያነሣኋት ቂሜ አልቆልኝ አይደለም፤ በዓሉ ስለ ደረሰ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ፤ ግን ደብዳቤውን አንብበው ይጨርሱት።

፬ኛ. አራተኛው ቅሬታዬ ስለ ቱታው ግዢ ነበር፤ ጾም ስለሆነ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ የምለምንዎት አንዲት ነገር ናት። አንደኛነቱን ይያዙት። ቢፈልጉ በሜዳው በር ላይ በቀለም ያጽፉት፤ ቀለሙን ለመቀባት እኔው መሰላል ይዤ እመጣለሁ። ቡድኑንም ይምሩት፤ ሽንፈቱን ለምደነዋል፤ ገሳዮችም ለዓመት በዓላቸው ይደሰቱበት። ብቻ ጨዋታው ሳይጀመር አያ ይሻውን በባጃጅ አምጥተን እመስመሩ ፊት እናቁማቸው፤ ለሁለቱም ወገን ያቺን ጥያቄያቸውን ይጠይቁና ጀርባቸውን ያዙሩ። ድምፅ ማጉያ አያስፈልጋቸውም፤ ወንበርም ካስቸገረ ከቤቴ አመጣለሁ። ዓይናቸው ስለ ደከመ፣ ጀርባቸውን ባያዞሩም ማን እንዳነሣ አያዩም፤ እሳቸው ግን ያዞራሉ። ከዚያ በኋላ የልጄ ዱላ ሣሩ ላይ ከቀረች፣ እርስዎን ከአምስቱ ብቻ ሳይሆን ገና ካልተወለዱት አሠልጣኞችም አንደኛ ነዎት ብዬ በአደባባይ እመሰክራለሁ።

የአንደኛነት ከፍታዎ ሳይከብድዎት ወደ እኛ ዝቅ ብለው ይህን ስላነበቡ፣ ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ፣ መልስዎንም እንደ ልማድዎ ስለሚያዘገዩት ከወዲሁ እያመሰገንሁ፣ ለበዓሉ በሰላም ያድርስዎ የምልዎ፣

በአክብሮት እጅ የሚነሣዎ፣
ኔትወርክ ቢኖርም የማይመርጥዎ፣
ሙላቴ ዘውዱ

ግልባጭ፦
ለአያ ይሻው (በቃል ይነገራቸዋል)
ለገሳይ መራጮች (ስላደረጉት ትብብር)

ማስታወሻ፦ ጥያቄው ከተፈቀደ እርስዎም ዱላ ይዘው እንዲመጡ አሳስባለሁ፤ በአያ ይሻው ሥርዓት ዋናው አሠልጣኝም ከመስመሩ ይገባል። ምናልባት የሁሉም ዱላ ተነሥቶ የእርስዎ ብቻ ሣሩ ላይ ብትቀር አይጨነቁ፤ ሽማግሌው ጀርባቸውን አዙረዋል፣ እኛም ወንዶቹ እናዞራለን። ሴቶቹ ብቻ ናቸው የሚያስቸግሩት፤ እነሱ ሲዘፍኑ ፊታቸውን ማዞር አልለመዱም፣ ግጥሙንም እዚያው ቆመው ነው የሚያወጡት።