ውል ስለተነፈገው አንጋፋ፣ ከሮም የተላከ

ለተከበሩ የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አሜሪካ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ዓይንዎ ደኅና ናቸው? ዕድሜ ሲገፋ ወገብ እንዴት እንደሚከዳ ከእርስዎ በላይ የሚጨነቅ ስለሌለ ነው መጠየቄ። የቡድንዎን ስም ያልጠራሁት ለክብርዎ ስል ነው፤ ባለፈው ዓመት ሦስት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ስሙ ባይነሳ ይሻላል።

እኔ ውባንቺ እባላለሁ፤ ሮም ውስጥ አዛውንት በመንከባከብ የምተዳደር የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት ነኝ። የአሜሪካን ፉትቦል ያስተማሩኝ ሲኞር ኤቶሬ ናቸው። ወጣትነታቸውን እናንተ አገር ጎማ ፋብሪካ ውስጥ ጨርሰው ለእርጅናቸው ወደ ሮም የተመለሱ፣ ከቡድንዎ በቀር ሌላ ሱስ ያልነበራቸው ሰው ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሑድ ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን አብረን ቴሌቪዥኑ ፊት ነበርን። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ገላቸው እንዳይቆስል ሐኪሙ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጫቸው ብሎኝ ነበር፤ እሑድ እሑድ ግን የማገላብጣቸው በዕረፍቱና በጨዋታው ማብቂያ ነበር፤ ከዚያ በፊት እሺ አይሉም።

አሎራ፣ እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፦ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለዎትን የመሃል ተጫዋች፣ ያንን ጎንበስ ብሎ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብለውን ሰው፣ በመጋቢት ውሉ ሲያልቅ ወደ ወደደው ቡድን እንዲሄድ በነፃ ስላሰናበቱት ከልብ አመሰግናለሁ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ነፃ መውጣት ምን ያህል እንደሚጣፍጥ፣ እስከ ዛሬ አንድም ቡድን ያልጠራው እሱ ራሱ ይመስክር። በሚያዝያ ደግሞ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት ቀን፣ ለቦታው የሃያ አንድ ዓመት ልጅ መረጡ። ጉልበቱ አዲስ ነው፣ አልክድም። እኔም በመጨረሻው ዓመት ሲኞር ኤቶሬን ከአልጋ ሳነሳ ወገቤ ይንቋቋ ነበር።

ሁለተኛ፦ አንጋፋውን ከማሰናበትዎ በፊት ዓመቱን ሙሉ ለወጣቶቹ ሥራውን እንዲያሳይ ማድረግዎ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ሮምም ደርሷል። ሲኞር ኤቶሬ በመጋቢት መጨረሻ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ሲኞራ ሉቺያና ለአማቷ ተንከባካቢ ፈለገች። እኔን ትወስዳለች ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። የመረጠችው ግን የሃያ አራት ዓመቷን ያገሬን ልጅ ሶሊን ነው። እኔን፣ «ውባንቺ፣ የምታውቂውን ሁሉ አሳያት፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ?» አለችኝ። አሳየኋት። ትራስ ከየትኛው ጉልበት ሥር እንደሚገባ፣ ሰው ሲነሳ በየት በኩል እንደሚያዝ፣ ሁሉንም። ሶሊ ደግ ልጅ ናት፤ ስንጨርስ «እትዬ፣ ቦታዎን ወሰድኩብዎ» ብላ አለቀሰች፣ እኔም አባበልኳት።

ሦስተኛውን ቅሬታ ለመጻፍ አፍራለሁ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቡና ቤት ያለውን ክፍሎምን፣ በመስከረም ጨዋታው ሲጀምር ያንን ቻናል ይከፍትልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ «ከእርስዎ ሌላ ማን ያየዋል?» ብሎኝ ሳቀ። እውነቱን ነው። በዚህ ከተማ ስለ መሃል ተጫዋች የማወራው አንድ ሰው ብቻ ነበረኝ። ክቡርነትዎ፣ በጣም ብቻዬን ነኝ። የሲኞር ኤቶሬ ቤት ሊሸጥ ስለሆነ በዚህ ወር መጨረሻ ክፍሌን እለቃለሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ገና አላወቅሁም።

ወጣቱን ይመልሱት አልልም። አንጋፋውን ይጥሩትና ሁለቱ ለአንድ ዓመት እንኳ ጎን ለጎን ይጎንበሱ። ባያሸንፉም የለመዱት ነው።

ውድ ጊዜዎን ከወጣቶች ላይ ቀንሰው ይህን ስላነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ዕድሜዋን በሙሉ ጎንበስ ብላ የኖረች አክባሪዎ፣
ውባንቺ

በድጋሚ፦ ሲኞር ኤቶሬ ሊያርፉ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው፣ «የመሃል ተጫዋቹ ፈረመ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ፣ ለሁለት ዓመት» አልኳቸው። ፈገግ አሉና በጎናቸው እንዳዞራቸው ጠየቁኝ። ስለዚህ እርስዎ የነፈጉትን ውል እኔ በስምዎ ሰጥቻለሁ። ካስቀየምኩዎ ይክሰሱኝ፤ አድራሻዬ ግን የሚያገለግለው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው።