ቀኑን ያረምኩት ዕለት

ጎንደር፣ የካቲት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስናቀው
አዳማ

የኔ ጌታ አስኔ፣ እንዴት ሰነበትክ? የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጾሙስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል፣ ሜዳ ሲያገኝ ይታረቃል። ብደውል ብደውል ስልክህን አላነሣህም። አልተቀየምኩም። እኔም አንተን ብሆን አላነሣም ነበር።

ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ በኮምፒውተር ጀምሬው ነበር። ገና ስምህን ጽፌ ሳልጨርስ እጄ «ጉዳዩ፦» ብሎ አሰመረበት፤ ቀጥሎም «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ፣ የስንቱን ይቅርታ አሳምሬ ጽፌ፣ የራሴ ሲሆን ጠፋኝ። ስለዚህ በእስክሪፕቶ እየጻፍኩልህ ነው። ፊደሌ ቢንሻፈፍ ታገሠኝ።

ያንን ኮምፒውተር ስንሠራው ትዝ ይልሃል? ኬዙን፣ ባዶ ቀፎውን፣ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት አመጣኸው፤ ማዘርቦርዱን አዘዞ ካለ ጓደኛህ፤ ቪዲዮ ካርዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ መጣ። ቀን ቀን ለኔ ጽሕፈት፣ ማታ ማታ ላንተ ጨዋታ ተባብለን ተስማማን። ጠባችን የተነሣው ማሽኑን የሚያሠራው ፕሮግራም የቱ ይጫን በሚለው ላይ ነው። እኔ የለመድኩት ዊንዶውስ ይሁንልኝ አልኩ።

«እማ፣ አሮጌው ዊንዶውስ ጊዜው አልፎበታል። አዲሱ ደግሞ ይህን ማሽን አርጅቷል ብሎ አይቀበልም» አልከኝ። «ሊኑክስ የሚባለውን እንጫንበት። በነጻ ነው፣ ለማሽኑም አይከብደውም፣ ባለጉዳይ በፍላሽ ተሸክሞ የሚያመጣው ቫይረስም ብዙ አይነካውም።»

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሁሉ የሚሠራበት እያለ እኛን ምን ለየን?»

«አንድ ሳምንት ሞክሪው። ካልወደድሽው እቀይረዋለሁ።»

ሞከርኩት። የአማርኛውን መክተቢያ እንደለመደ እጄ አስተካክለህልኝ ስለነበር በሁለተኛው ቀን ጣቴ ራሱ ይሮጥ ጀመር። ወድጄው ነበር፣ አስኔ። ወደድኩት ብዬ ግን አልነገርኩህም። እናትህን ታውቃታለህ፤ መሸነፍ ሲመጣ ጆሮዋ አይሰማም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስፈራው ገጽ ጨረስኩ።

ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል በኢንተርኔት የምትፈተነው የዚያ ፈተናህ ዋዜማ፣ አንድ የኮላ ድባ ሰውዬ የጻፍኩለትን ማመልከቻ ይዞ ተመለሰ። «እሜቴ፣ ቀኑ የፈረንጅ ነው ብለው መለሱኝ» አለ። ባየው እውነትም 2026 ይላል፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ያስገባው ቀን ነው። እኔ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ተሳስቼ ወረቀት የተመለሰብኝ ሴት አይደለሁምና ደሜ ፈላ። ከታች ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ከፈትኩ። በራሱ የሚስተካከለውን አጠፋሁና ዓመቱን 2018 አልኩት፤ ወሩንም ቀኑንም እንደኛው አደረግሁ። ሰዓቱም ጧት ሦስት ሲሆን ዘጠኝ ይል ነበር፤ እሱንም አረምኩት። ከመጨረሴ በፊት የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። «ይህን ቃል ሲጠይቅሽ፣ እማ፣ ቆም ብለሽ አስቢ» ብለኸኝ ነበር። ቆም አላልኩም። ሰውዬው ማመልከቻውን ይዞ እየመረቀኝ ሄደ።

በማግስቱ አንተ የነጩን ሸሚዝህን ቁልፍ ቆልፈህ ለፈተናው ተቀመጥክ። ገጹ እንቢ አለ። ሌላም ከፈትክ፣ እሱም «አስተማማኝ አይደለም» እያለ እንቢ አለ። ፈተናው በስልክ አይሆንም ነበር። ላብህ በግንባርህ ሲወርድ አያለሁ። «እማ፣ የነካሽው ነገር አለ?» አልከኝ፤ «ምን እነካለሁ?» አልኩህ። ያን ጊዜ አልዋሸሁህም። ቀን ማረም መንካት ነው ብዬ አላሰብኩም። አንተም ያንን 2018 ሳታየው አልቀረህም፤ ግድግዳችን ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር አንድ ስለሆነ ዓይንህ አልፎታል። ወደ ኢንተርኔት ቤት ሮጠህ ስትደርስ ፈተናው ተዘግቶ ነበር።

ስትመለስ ያልኩህን ታስታውሳለህ። በወዳጄ በየትነበርሽ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ባለጉዳይ ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ እየሰማ፣ «ጨዋታ ሲያግተለትልበት ከርሞ አበላሸው! የምበላበትን እጅ ቆረጠው!» አልኩ። በሦስተኛው ቀን ቦርሳህን አንጠልጥለህ ወጣህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ በእልህ ባምላክን ጠራሁት፤ ያን ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግነውን። «ይህን የልጄን ነገር ጠራርገህ ዊንዶውስ ጫንልኝ» አልኩት። «ያለው ሁሉ ይጥፋ?» ሲለኝ «ይጥፋ» አልኩ። ጠፋ። አሮጌውን ዊንዶውስ ጫነና ኢንተርኔት ቢከፍት ያው እንቢታ መጣ። ባምላክ ወደ ጥጉ ተመለከተና ሳቀ። «በዚህ ማሽን አቆጣጠር እኮ ዛሬ የዛሬ ስምንት ዓመት ነው! ገጹ ቀኑን ያያል፤ ካልገጠመው አይከፍትም። ይህን ማን ነው ያስገባው?»

«ልጄ ይሆናል» አልኩት።

አስኔ፣ የመጀመሪያው አለማወቅ ነው። ይህኛው ግን ውሸት ነው፣ አውቄ ነው የዋሸሁት። አፌ ከኔ ቀድሞ ራሱን አዳነ። አንተን ደግሞ አንዴ አሳጥቼህ ስለነበር ሁለተኛው ቀለለኝ። ከዚህ በላይ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም።

ባምላክ ግን አላመነኝም መሰለኝ። ዕቃውን እየሰበሰበ «ልጅሽ የሚወዳት የኳስ ጨዋታ እኮ በሊኑክስ አትሠራም» አለኝ። «ለጨዋታው ቢያስብ ኖሮ ያን ጊዜም ይህንኑ አሮጌ ዊንዶውስ ይጭን ነበር። ከኛ ጋር መጫወት ካቆመ ከርሟል። ‘የእማ ሥራ ይቅደም’ ነበር የሚለን።»

እኔ ማታ ማታ ከኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ ስትጫወት ይመስለኝ ነበር። ለካ ለፈተናው ስታጠና ነው። አንድ ቀን እንኳ ጠጋ ብዬ አላየሁም። ስታጠና እንዳልነበርክ አድርጌ በሰው ፊት አዋረድኩህ፣ ልጄ።

ሰኞ ፒያሳ ድረስ በዚህ ጉልበቴ ሄጄ ለባምላክ «ያስገባሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ገብቶኝ ነበር፣ እትዬ» አለኝ፤ ሸጋ ልጅ ነው። ከዚያ የትነበርሽ ዘንድ ሄድኩ። ጧት፣ ደጃፉ ሰው ሞልቶት ሳለ ነው የሄድኩት፤ ያኔም ሞልቶ ስለነበር። እሷም «አንቺ ሴት፣ ልጁን እኔ ራሴ ስንት ቀን አማሁት!» ብላ አለቀሰች። አዳማ ያለችውን ልጇን ልትጠይቅ ስትነሣ ደብዳቤውን ራሴ አደርሳለሁ ያለችውም ለዚህ ነው። የቀረውን በአፏ ትነግርሃለች፤ እንደምታውቃት ጨምራበት ነው የምትነግርህ።

ከዚህ ጋር የታተመ አንድ ገጽ አያይዣለሁ። «ፈታኞቹ በቂ ምክንያት ያለው በጽሑፍ ያመልክት ይላሉ» ብለኸኝ ነበር፤ እኔ ያኔ ለመስማት አልፈለግሁም። የፈተናው ዕለት የሆነውን፣ ቀኑን የለወጥኩት እኔ እናትህ መሆኔን፣ ስሜንና ፊርማዬን አስፍሬ ጽፌዋለሁ። አንተ ወደ እንግሊዝኛ መልሰህ ላክላቸው። እሱን ግን በደንብ ነው የጻፍኩት፤ ሥራዬ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ፣ ከስክሪኑ ግርጌ፣ «ቀንና ሰዓት አይነካም» የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ። ባለጉዳይ ሥራ ሲፈታ ያነብና «ማን ነክቶት ነው?» ይለኛል። «እኔ» እላለሁ። በቀን ስንቴ እንደምለው አትጠይቀኝ።

በል እንግዲህ፣ የጎንደር አርባ አራቱ ታቦት ይጠብቁህ። የያዝከው ይባረክልህ፣ የሸሸህ ዕድል ዞሮ ይፈልግህ። ደረቅ ነገር ብቻ አትብላ። ዕቃ ስታነሣ በወገብህ አታንሣ።

አጥፊዋ እናትህ
እታገኘሁ

ይህንን ረስቼ፤ ባምላክ የመረጥክልኝን ሊኑክስ መልሶ ጫነልኝ፤ ላንተም ለኳሷ ያን ዊንዶውስ ከጎኑ ተወው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሁለቱንም ስም አውጥቶ የቱን ትፈልጊያለሽ ይለኛል። ባምላክ «ዝም ብሎ ወደ ሥራሽ እንዲገባ ላድርገው?» ቢለኝ «ተወው፣ ይጠብቅ» አልኩት። ጧት ጧት የኔን እመርጣለሁ፤ ያንተ ከሥር ተጽፎ ይታየኛል።